ከሰርግ ሜዳ እስከ ታወር ጫፍ፦ አሜሪካ ውስጥ በድሮን ሠርቶ ለማደር ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የጓደኛዬን ሰርግ እቀርጽ ነበር። ሙሽሮቹ ለፎቶ መናፈሻ ወርደዋል፣ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ፣ እኔም አዲሱን ድሮኔን ከቦርሳ አውጥቼ ሣሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሪሞቱን ብነካካ አልነሳ አለ። የሙሽራዋ አጎት ጠጋ ብለው «ምነው ልጄ፣ ተበላሸብህ እንዴ?» አሉኝ። «አይ ጋሼ፣ ኔትወርክ ነው» ብዬ ዋሸሁ። ኔትወርክ አልነበረም። መናፈሻው ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ቢርቅ 10 ማይል ነው፤ የዋሽንግተን ሰማይ ደግሞ በአሜሪካ ከየትኛውም ከተማ ሰማይ ይበልጥ የታጠረ ነው። ድሮኑ ከእኔ የተሻለ ሕግ ያውቅ ነበር።

ዛሬ ያው ድሮን እዚያው ቦታ ይነሳል። አምራቹ ዲጄአይ በጃንዋሪ 2025 በአሜሪካ አሠራሩን ቀይሮ ከመከልከል ወደ ማስጠንቀቅ ወርዷል። ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ «ገብቶኛል» የሚለውን ትጫናላችሁ፣ ድሮኑ ይነሳል፣ ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል። የበረራ ባለሥልጣኑ ኤፍኤኤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ሕግ ለአንድ ጥሰት እስከ 75,000 ዶላር መቅጣት ይችላል። የሰርግ ቪዲዮ ስንት ነው የምታስከፍሉት?

ይህን የምጽፈው እንደኔ በሰርግና በክርስትና ቀረጻ ጀምረው ወደ ጣሪያ፣ ሶላርና ታወር ፍተሻ መሻገር ለሚፈልጉ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡት፤ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ድሮን ይገዛል፣ ሕጉን በኋላ ይፈልጋል። እኔም እንደዚያው ነው ያደረግሁት።

ደረጃ 1፦ የምትሠሩበትን ሰማይ እወቁ

ካርታ አውጡና ደንበኞቻችሁ የሚኖሩበትን አካባቢ ተመልከቱ። ዋሽንግተን አካባቢ ከሆናችሁ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያን መሐል አድርጋችሁ ሁለት ክብ ሳሉ። የውስጠኛው 15 ኖቲካል ማይል፣ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ውስጥ ያለ ልዩ የመንግሥት ፈቃድ ድሮን ማስነሳት ክልክል ነው፤ ለሰርግ ብላችሁ ብትጠይቁም አታገኙትም። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ከነሐበሻ ሠፈራቸው እዚሁ ውስጥ ናቸው። የውጪው ክብ እስከ 30 ኖቲካል ማይል ይሄዳል፤ በሁለቱ መሐል የተመዘገበ ድሮን ከ400 ጫማ ሳያልፍ፣ ዓይን ሳይለየው፣ የአየር ክልሉን ደንብ ጠብቆ መብረር ይችላል። ስለዚህ የዲሲ ሰው ከሆናችሁ ገበያችሁ ከውስጠኛው ክብ ውጭ ነው፦ ማናሰስ፣ ፍሬድሪክ፣ ከዚያም ወዲያ። እኔ ለሙሽሮች ይህን በመጀመሪያው ስልክ ነው የምነግራቸው። የሚከፋቸው አሉ። «እገሌ አንስቶልናል» የሚሉም አሉ። ያነሳው እገሌ ዕድለኛ ነበር።

ዳላስ፣ አትላንታ፣ ሲያትል ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ ሰው ነገሩ ይቀለዋል። እዚያ ዋናው ጥያቄ የአውሮፕላን ማረፊያ ቅርበት ነው። ቁጥጥር የሌለበት የአየር ክልል፣ ማለትም ክላስ ጂ፣ ፈቃድ አይጠይቅም። ክላስ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ከመሬት የሚጀምረው ክላስ ኢ ግን ቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋሉ። ፈቃዱ የሚገኘው ላንክ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ በስልክ አፕሊኬሽን ቦታውን፣ ሰዓቱንና ከፍታውን ትሞላላችሁ፣ ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ መልስ ይመጣል። ካርታው በትንንሽ ካሬዎች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፦ 0፣ 50፣ 100 እያለ እስከ 400 ጫማ። 100 የሚል ካሬ ውስጥ 100 ጫማ ድረስ ወዲያው ይፈቀድላችኋል። ዜሮ ካለ ግን በላንክ ወዲያው የሚገኝ ፈቃድ የለም፤ ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል።

ስታዲየምንም አትርሱ። 30,000 እና ከዚያ በላይ ሰው በሚይዝ ስታዲየም የኤንኤፍኤል ወይም የትልቁ ሊግ ቤዝቦል ጨዋታ ሲኖር፣ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ካለቀ እስከ አንድ ሰዓት በኋላ በ3 ኖቲካል ማይል ዙሪያ መብረር ክልክል ነው። ሰርጉ እሑድ ከሰዓት ከሆነ የጨዋታ ፕሮግራም ማየት የእናንተ ሥራ ነው። ብሔራዊ ፓርኮች ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ድሮን አያስነሱም አያሳርፉም፤ ያ የሚያምር ፏፏቴ ፊት ለፊት የሙሽሮች ቀረጻ የሚለውን ሐሳብ እርሱት።

ደረጃ 2፦ የአብራሪነት ፈቃዱን አውጡ

ብዙ ሐበሻ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «እኔ ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ በነፃ ነው የቀረጽኩት» ማለት ከሕጉ አያወጣም። መለኪያው ክፍያ ሳይሆን ዓላማው ነው። ለራሳችሁ መዝናኛ ካልሆነ በስተቀር ሥራው ፓርት 107 በሚባለው ደንብ ሥር ይወድቃል። ለቤተ ክርስቲያን የመስቀል ደመራን በበጎ ፈቃድ ከላይ መቅረጽ እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለተኛው ስሕተት «ድሮኔ ከ250 ግራም በታች ስለሆነ አይመለከተኝም» የሚለው ነው። ያ ማቅለያ ለመዝናኛ ብቻ ነው። ለሥራ ከሆነ 249 ግራሟም ትመዘገባለች፣ አብራሪዋም ይፈተናል።

ፓርት 107 በሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 29 ቀን 2016 ነው። ዕድሜ ከ16 ዓመት ጀምሮ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና መረዳት ይጠይቃል። ለፈተናው ዜግነት አይጠየቅም፤ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የቲኤስኤ ማጣሪያ ግን አለ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አያክራ በተባለው የኤፍኤኤ ድረ ገጽ ተመዝግባችሁ የራሳችሁን መለያ ቁጥር ታወጣላችሁ። በዚያ ቁጥር የፈተና ጣቢያ ቀጠሮ ትይዛላችሁ፤ ክፍያው 175 ዶላር ነው። ፎቶ ያለው የመንግሥት መታወቂያ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። 60 ምርጫ ጥያቄ፣ 2 ሰዓት፣ ማለፊያው 70 ከመቶ ነው፤ 42 ጥያቄ በትክክል መመለስ ማለት ነው። ከወደቃችሁ 14 ቀን ጠብቃችሁ እንደገና ከፍላችሁ ትፈተናላችሁ። ካለፋችሁ ወደ አያክራ ተመልሳችሁ ማመልከቻ ትሞላላችሁ፣ ማጣሪያው ሲያልቅ ጊዜያዊ ፈቃድ ይላክላችኋል፣ ካርዱ በፖስታ ይመጣል። በየ24 ወሩ ማደሻ ትምህርት አለ፤ እሱ በኢንተርኔት በነፃ ነው።

ፈተናው ላይ ስለ ድሮን የሚጠየቀው ከምትገምቱት ያነሰ ነው። የሚጥለው የአብራሪዎች ካርታ ነው። ሴክሽናል ቻርት የሚባለው ካርታ በሰማያዊና በሐምራዊ ክቦች የተሞላ፣ በመጀመሪያ ዕይታ የአስማት ጥቅልል የሚመስል ነው። ኤፍኤኤ ለፈተናው የሚሰጠውን የካርታና የሥዕል መጽሐፍ በነፃ አውርዳችሁ፣ ጥያቄዎቹን ሁሉ ከዚያ መጽሐፍ ጋር ሥሩ። በፈተናው ቀን የሚሰጣችሁ ያው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው የአየር ጠባይ ሪፖርት ነው፤ ደመናው በስንት ጫማ፣ ታይነቱ በስንት ማይል እንደሆነ በአሕጽሮት የተጻፈውን ማንበብ ልመዱ። እኔ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሦስት ሳምንት አጥንቼ ነው ያለፍኩት፤ ግማሹን ጊዜ የበላው ካርታው ነው።

ከደንቦቹ በቃል መያዝ ያለባችሁ፦ ከመሬት 400 ጫማ፣ 122 ሜትር ገደማ። ፍጥነት በሰዓት 100 ማይል። ታይነት ቢያንስ 3 ማይል። ከደመና በታች 500 ጫማ፣ ወደ ጎን 2,000 ጫማ። ድሮኑ ሁልጊዜ በዓይን መታየት አለበት፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ድሮን ብቻ ያበራል። ከመጠጥ በኋላ 8 ሰዓት መቆየት ግዴታ ነው። ሰርግ ላይ ጠጅ ሲቀርብ «ትንሽ ቅመስ እንጂ» ማለት ያለ ነው፤ እኔ ብርሌውን ተቀብዬ ባትሪው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፣ ክፉ አይመስልም።

ደረጃ 3፦ ድሮኑን መዝግቡ

ድሮንዞን በተባለው የኤፍኤኤ ድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱ የሥራ ድሮን ለየብቻው ይመዘገባል፤ 5 ዶላር ነው፣ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ቁጥሩን ውጭ በሚታይ ቦታ ለጥፉት። ከማርች 16 ቀን 2024 ወዲህ ሪሞት አይዲ የሌለው ድሮን ይዞ መሥራት ያስቀጣል። ሪሞት አይዲ ማለት ድሮኑ እየበረረ መለያውን፣ ያለበትን ቦታና አብራሪው የቆመበትን ቦታ በሬዲዮ መንገር ነው። አዲስ ድሮን ውስጡ አለው፤ አሮጌ ላይ ትንሽ መሣሪያ ይገጠማል።

ደረጃ 4፦ አሁን ድሮን ግዙ

ለሰርግና ለፍተሻ አንድ ድሮን አይበቃም የሚል አቋም አለኝ። የሚከራከሩኝ አሉ፤ ግን የሰርግ ድሮን ምስሉ እንዲያምር የተሠራ ነው፣ የፍተሻ ድሮን ደግሞ የሚፈለገው እንዲመሰክር ነው።

ለቀረጻ ሴንሰሩ ሰፊ የሆነ ካሜራ ይበቃል። ለፍተሻ ግን ሦስት ነገር ያስፈልጋችኋል፦ የሙቀት ካሜራ፣ ከሩቅ የሚያቀርብ ዙም፣ እና ቦታውን በሴንቲ ሜትር የሚመዘግብ አርቲኬ የሚገጠምለት። የዲጄአይ ማቪክ 3 ተርማል የብዙ ጀማሪ ፈታሽ መነሻ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሲወጣ ዋጋው 5,500 ዶላር ገደማ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ፣ ታንክ ወይም የፈላ ውኃ ማሞቂያ ሆድ ውስጥ መግባት ለሚያስፈልግ ሥራ ደግሞ በቀፎ መሳይ ክብ ውስጥ የተቀመጡ ድሮኖች አሉ፤ የስዊዘርላንዱ ፍላይአቢሊቲ የሚሠራው ኤሊዮስ ታዋቂው ነው። ግድግዳ ቢመታ ተንከባልሎ ይቀጥላል። የኤፍኤኤ ሥልጣን ከቤት ውጭ ባለው ሰማይ ላይ ስለሆነ ቤት ውስጥ በረራ ፓርት 107 አይመለከተውም።

ከመግዛታችሁ በፊት ደንበኛችሁ ማን እንደሆነ አስቡ። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በ2023 መጨረሻ በወጣው ሕግ የቻይና ድሮን እንዳይገዙ ታግደዋል፤ ፍሎሪዳ በዚያው ዓመት የክልሏን መሥሪያ ቤቶች ከልክላለች። ድልድይ ወይም የመንግሥት ሕንፃ ልፈትሽ የሚል ሰው ዲጄአይ ይዞ ቢቀርብ በር ላይ ሊመለስ ይችላል። የጋሼን ነዳጅ ማደያ ጣሪያ ለማየት ግን ችግር የለውም።

ደረጃ 5፦ ባትሪው እንዳያሳፍራችሁ

አምራቹ 46 ደቂቃ ካለ፣ ያ ነፋስ በሌለበት፣ ባትሪው አዲስ ሆኖ፣ እስኪያልቅ የተለካ ነው። ሥራ ላይ 30 ደቂቃ አስቡ። 30 በመቶ ሲቀር መልሱት። ሚኒሶታ በጥር ብርድ ከሆናችሁ ባትሪውን ኮት ውስጥ አሙቁት፤ የቀዘቀዘ ባትሪ 60 በመቶ እያለ ድንገት ይወድቃል። ለሳምንታት የማትጠቀሙበትን ባትሪ ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሞልቶ ሲቀመጥ ያብጣል። ያበጠ ባትሪ አይበርም፣ ቤትም አይቀመጥም።

ደረጃ 6፦ ፍተሻ፤ ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው

ደንበኛው የሚከፍለው ለበረራው አይደለም፤ «የቱ ጋ ነው የተበላሸው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ሦስት ሥራዎችን ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ጠፍጣፋ ጣሪያ ነው። መጋዘን፣ የገበያ ሕንፃ፣ የምግብ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ውኃው የሚታይበት ቦታና የገባበት ቦታ አይገናኙም። ከሽፋኑ ሥር ያለው የሙቀት መከላከያ ስፖንጅ ሆኖ ይጠጣዋል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ሁሉም ይሞቃል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደረቁ ቶሎ ይበርዳል፣ ውኃ የጠጣው ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ የምትበሩት ከጀንበር መጥለቅ በኋላ ነው፣ በሙቀት ካሜራ። እርጥቡ ቦታ ጨለማ ውስጥ እንደ ፍም ይታያችኋል። ቀኑ ጥርት ያለ ፀሐይ የነበረበት፣ ጣሪያው ላዩ ደረቅ፣ ነፋሱም ቀላል መሆን አለበት። የማታ በረራ ስለሆነ ከ3 ማይል የሚታይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ድሮኑ ላይ ግጠሙ፤ ይህ ከ2021 ጀምሮ ግዴታ ነው። ጣሪያው የሚያብረቀርቅ ብረት ከሆነ ሥራውን አትቀበሉ። ብረት የራሱን ሙቀት አይናገርም፣ የሰማዩን ብርድ ያንጸባርቃል፣ ሪፖርታችሁም የሰማይ ፎቶ ይሆናል።

አንድ የሕንፃ ባለቤት ሦስት ጊዜ ጣሪያ አስጠግነው አልሆን ያላቸው ነበሩ። ምስሉን ስልኬ ላይ ሳሳያቸው ዝም ብለው አዩና «ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሦስቱንም ጊዜ ከዚህ ማዶ ነው ሲቀባቡ የኖሩት?» አሉ። አዎ ጋሼ። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ካሜራው የሚያሳየው የሙቀት ልዩነት ነው፣ ውኃ አይደለም። ሪፖርታችሁ ላይ «እርጥበት አለ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «እርጥበት ሊኖር ስለሚችል ይከፈትና ይረጋገጥ» በሉ። ቆርጦ የሚያየው የጣሪያ ባለሙያው ነው።

ሁለተኛው ሶላር ነው፣ እሱ ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ቀትር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። የዘርፉ ዓለም አቀፍ መለኪያ ፓነሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ቢያንስ በካሬ ሜትር 600 ዋት እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከዚያ በታች የታመመውና ጤነኛው አይለዩም። እያንዳንዷ የሶላር ሴል በምስሉ ላይ ቢያንስ 5 በ5 ፒክሰል መያዝ አለባት፤ ይህም አንድ ፒክሰል ከ3 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ ማለት ነው። የማቪክ 3 ተርማል የሙቀት ካሜራ በ30 ሜትር ከፍታ አንዱ ፒክሰል 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ ከ22 ሜትር በላይ አትውጡ። ብዙ ጀማሪ 60 ሜትር ላይ ሆኖ በአንድ ባትሪ መስኩን ጨርሶ ይሄዳል፤ ያመጣው ምስል ያምራል፣ ለምርመራ ግን አይሆንም።

ካሜራውን የፀሐይ ነጸብራቅ እንዳይመልስላችሁ ጥቂት አዘንብሉት፤ የራሳችሁን ድሮን ነጸብራቅ «ትኩስ ቦታ» ብላችሁ እንዳትመዘግቡ። ከዚያ የምታዩትን ማንበብ ነው። አንዲት ሴል ብቻዋን ከተቃጠለች፣ ስንጥቅ፣ ቆሻሻ ወይም ጥላ ነው፤ ጎን ያለውን የዓይን ካሜራ ምስል እዩ፣ የወፍ ኩስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የፓነሉ አንድ ሦስተኛ በቀጥታ መስመር ከሞቀ ባይፓስ ዳዮዱን፣ ማለትም ጅረቱን ከታመመው ክፍል አዙሮ የሚያሳልፈውን፣ ጠርጥሩ። አንድ ሙሉ ተርታ ወጥ ሆኖ ከጎረቤቶቹ ይበልጥ ሞቆ ከታየ ተርታው ተቋርጧል ማለት ነው፤ ፊውዝ ወይም ገመድ። ለባለቤቱ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ጥገናው ርካሽ፣ ኪሳራው ግን ሙሉ ተርታ ነውና።

ሦስተኛው የስልክ ታወር ነው። ሥራው መውጣት ያለበትን ሰው ቁጥር መቀነስ ነው፤ ዝገት፣ የላላ ብሎን፣ ያዘነበለ አንቴና፣ የወፍ ጎጆ ከታች ሆኖ ማየት። ሕጉ እዚህ ላይ ይለቃል፦ ከግንባታው በ400 ጫማ ዙሪያ ውስጥ እስከሆናችሁ ድረስ ከጫፉ በላይ 400 ጫማ መውጣት ይፈቀዳል። የምትፈሩት ሕጉን አይደለም፣ የመወጠሪያ ገመዶቹን ነው። በገመድ የተወጠረ ታወር ከጫፉ እስከ ሩቅ መሬት የሚወርዱ ገመዶች አሉት፤ ስክሪን ላይ አይታዩም፣ የድሮኑ እንቅፋት ጠቋሚም አያያቸውም። ከመነሳታችሁ በፊት በእግራችሁ እየዞራችሁ መሬት ላይ የታሰሩበትን እያንዳንዱን ቦታ ቁጠሩ። በገመዶቹ መካከል አትዙሩ፤ በሁለት ገመድ መሐል ባለው ክፍተት ገብታችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ወጥታችሁ፣ በገባችሁበት ውጡ። ብረቱና አንቴናው ኮምፓሱን ስለሚያሳብዱት ኮምፓሱን ታወሩ ሥር አታስተካክሉ፤ ራቅ ብላችሁ አድርጉት። ድሮኑ ሲግናል ቢጠፋበት የሚመለስበትን ከፍታም ከታወሩ ጫፍ በላይ አድርጋችሁ ሙሉ። ይህን ያላደረገ ሰው ድሮኑ «ወደ ቤት ልመለስ» ብሎ በቀጥታ ብረቱ ውስጥ ሲገባ ያያል። ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ገመድ የሌለው ምሶሶ ከሆነ በሦስት የተለያየ ከፍታ ዙሩት፣ በእያንዳንዱ ዙር ተከታታይ ፎቶዎች ሦስት አራተኛ ያህል ይደራረቡ፤ ሶፍትዌር ወደ ሦስት ገጽታ ሞዴል እንዲለውጠው።

ሪፖርቱ አጭር ይሁን። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የቦታው ሙሉ ምስል፣ ችግሮቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ የሩቅ፣ አንድ የቅርብ ፎቶ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። 400 ፎቶ በፍላሽ አስገብቶ መስጠት ሪፖርት አይደለም።

ደረጃ 7፦ ሰርግና ትርዒት

ከሰዎች ራስ በላይ አትብረሩ። ደንቡ ድሮኖችን በአራት ምድብ ከፍሎ አንዳንዶቹን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ትንሿ ድሮን እንኳ ፕሮፔለሯ ካልተሸፈነ የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አትገባም። «ሙሽሮቹ ፈቅደውልኛል» የሚለውም አይሠራም፤ በበረራው ተሳታፊ የሚባሉት አብራሪውና ረዳቶቹ እንጂ የሚቀረጹት አይደሉም። ሕጋዊ የሆነውና ደግሞም የሚያምረው አነሳስ ከጎን፣ ከፍ ብሎ ዘንበል ያለው ነው። ሙሽራዋን ከአናቷ ላይ ማንሳት ዘውድና ትከሻ ብቻ ነው የሚያሳየው።

የእኛ ሰርግ ካሜራን የሚፈትንበት የራሱ ነገር አለው፦ ነጭ። ሀበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ካባ፣ ሁሉም ከሰዓት ፀሐይ ላይ ሲቆሙ አውቶማቲክ ካሜራ ሣሩን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፣ የጥበቡ ጥልፍ ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት ይሆናል። በእጅ ሥሩ፤ ብርሃኑን በነጩ ልክ ዝቅ አድርጉት፣ ጥላውን በኋላ ታነሱታላችሁ። በሰከንድ 24 ፍሬም ከቀረጻችሁ ሻተሩን 1/50 ሰከንድ ላይ አቆዩትና ብርሃን የሚቀንሰውን ኤንዲ ፊልተር ግጠሙ፤ አለበለዚያ ጭፈራው እየተቆራረጠ ይታያል። እስክስታ ላይ ደግሞ ትከሻው ካልፈሰሰ ምን ቀረ?

ካህኑ ሲባርኩ ድሮኑ መሬት ላይ ይሁን። ድምፁ የንብ ቀፎ ነው፤ በጸሎት መሐል ማንም አይምራችሁም።

አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ክንፉ በክብ የታጠረ ትንሽ ኤፍፒቪ ድሮን አለ፤ አብራሪው መነጽር አድርጎ በበር ገብቶ በጠረጴዛ ሥር ያልፋል። በ2021 አንድ የሚኒያፖሊስ ቦውሊንግ ቤት በዚህ ዓይነት ድሮን በአንድ ትንፋሽ ተቀርጾ ዓለም ሁሉ አይቶታል። የሚያስቀና ነው፣ ግን ወራት የሚፈጅ ልምምድ ይፈልጋል፤ በሲሙሌተር ጀምሩ፣ በሰው ሰርግ አትለማመዱ።

የመብራት ትርዒትስ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በ2018 የፒዮንግቻንግ ክረምት ኦሎምፒክ ኢንቴል ያሳየው 1,218 ድሮን ነበር፣ ቶኪዮ ላይ 1,824 ደርሷል። አንድ አብራሪ በአንድ ኮምፒውተር ብዙ ድሮን ለማብረር ከኤፍኤኤ ልዩ ነጻነት ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ ድሮን የተጻፈለትን መንገድ ብቻ ነው የሚከተለው፤ ጥበቡም አደጋውም ያለው በቅንብሩ ነው። ዲሴምበር 21 ቀን 2024 ኦርላንዶ ሌክ ኢዮላ ላይ የበዓል ትርዒት ሲቀርብ ድሮኖች ወደ ተመልካቹ ወድቀው የ7 ዓመት ልጅ ክፉኛ ቆስሏል። መርማሪዎቹ የትርዒቱ አቀማመጥ ጥቂት ዲግሪ ዞሮ እንደነበር አግኝተዋል። ጥቂት ዲግሪ ብቻ። ለጀማሪ የሚሆን ሥራ አይደለም፤ ደንበኛ ከጠየቃችሁ ፈቃዱ ላለው ኩባንያ አገናኙትና የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ቅረጹት።

ደረጃ 8፦ ውልና ኢንሹራንስ

የተጠያቂነት ኢንሹራንስ ሳይኖር የንግድ ደንበኛ በር አትምቱ። በሰዓት ወይም በቀን የሚሸጥ አለ፤ በወር ሁለት ሥራ ብቻ ላለው ሰው እሱ ይሻላል። ውሉ ላይ ሁለት ነገር አይቅር፦ ነፋስ ወይም የአየር ክልል እገዳ ቢኖር ሥራው ወደ ሌላ ቀን እንደሚዛወር፣ እና «ልነሳ ወይስ አልነሳ» የሚለውን የሚወስነው አብራሪው እንደሆነ። ሁለተኛው ለዘመድ ሥራ በተለይ ያስፈልጋል። ሰው ክፉኛ ከቆሰለ ወይም ከድሮኑ ውጭ ከ500 ዶላር በላይ ንብረት ከተጎዳ ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ለኤፍኤኤ ሪፖርት ማድረግ ግዴታ ነው። እራስ የሳተ ሰው ካለም እንደዚያው።

ወደ ሀገር ቤት ስትሄዱ

በየዓመቱ ክረምት ሲመጣ የሚደወልልኝ ጥያቄ ነው፦ «የእህቴ ሰርግ አዲስ አበባ ነው፣ ድሮኔን ልያዘው?» የአሜሪካ ፈቃድ ኢትዮጵያ ውስጥ ምንም አይከፍትላችሁም። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ ኢንሳ፣ ቀድሞ ካልፈቀደ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ሻንጣ ውስጥ ልብስ መሐል መደበቅ ደግሞ ማሽኑ ስለሚያየው ነገሩን ከመያዝ ወደ መጠየቅ ያሳድገዋል። ለእህታችሁ እዚያው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ቅጠሩላት። የእናንተው ድሮን እዚህ መደርደሪያ ላይ፣ ባትሪው 50 በመቶ ላይ ሆኖ ይጠብቃችሁ።